ሳልሰማ የመረቅሁት ደንብ

በእኛ ጊዜ፣ ልጄ፣ ምርቃት የመጨረሻው ነገር ነበር። ሁለት ሰው ተጣላ እንበል፣ በድንበር ተጣላ፣ በመስኖ ውሃ ተጣላ፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይናገራል፣ ምስክር ይጠራል፣ ካልተቋጨ ለሌላ ቀን ይቀጠራል፤ እና ሁሉም ከተሰማ፣ ከተፈረደ፣ ይቅር ከተባባሉ በኋላ ነው ሽማግሌው ብድግ ብሎ እጁን ዘርግቶ የሚመርቀው። አባቴ አንኮበር የታወቀ ሽማግሌ ነበር። ነገሩ ሳያልቅ የቸኮለ ሰው «ይመርቁንና እንሂድ» ያለው እንደሆነ «ምኑን ልመርቅ? ገና መች ሰማሁ?» ነበር የሚለው። እንዲህ ነበር ታዲያ።

አሁን ተገለበጠ። አሁን ምርቃት መጀመሪያ ሆነ። ስብሰባ ሲጠራ አንድ ሽማግሌ ይፈለጋል፣ ጋቢ የለበሰ፣ ጢሙ የነጣ፣ ጭራ ቢይዝማ ደግሞ እሰየው ነው፤ ፊት ወንበር ላይ ያስቀምጡታል። ያ ማይክራፎን የያዘው ልጅ «መርሐ ግብራችንን በአባቶች ምርቃት እንከፍታለን» ይላል፣ ሽማግሌው ይነሳል፣ ይመርቃል፣ አሜን ይባላል፣ አንድ የላስቲክ ውሃ ይሰጡታል፣ ይቀመጣል። ነገሩ የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ነው። እና ያ ሽማግሌ እኔ ነበርኩ።

ልዋሽሽ አልፈልግም፣ ደስ ይለኝ ነበር። ፋብሪካ ሲከፈት ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ የወላጆች ስብሰባ ሲሆን ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ኮብልስቶን ተነጥፎ ሪባን ሲቆረጥ ጋሽ ወንዳፍራሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ክር ሳጠነጥን የኖርኩ ሰው ነኝ፣ ማን ጠይቆኝ ያውቃል? በስተርጅና ፊት ወንበር ተገኘና እኔም ወደድኩት። አስካለ፣ ባለቤቴ፣ ጋቢዬን እያቀበለችኝ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትመርቅ ነው?» ትለኛለች፤ እኔ ታዲያ «እዚያ ስደርስ ይነግሩኛል» እላታለሁ። እስኪ አስቢው፣ «እዚያ ስደርስ ይነግሩኛል»።

ደርቤን አንቺ አታውቂውም። ይህን የጓሮ ክፍል ሳትከራዪ በፊት ነው የሄደው። ደርቤ የክርስትና ልጄ ነው፤ አባቱ የፋብሪካ ባልደረባዬ ነበር፣ አብረን ነው የገባነው፣ እሱ በሳንባ ቶሎ ተቀጠፈ። ልጁን በአርባ ቀኑ የታቀፍኩት እኔ ነኝ። አባቱ ሲሞት ቃል ገባሁ፣ ለሬሳ ቃል ገባሁ፣ «ልጅህን አያለሁ» ብዬ። እና ደርቤ አደገ፣ ትምህርቱ አልሆነለትም፣ ጋሪ ነዳ። ሃያ ዓመት ያህል ጋሪ ነዳ ልጄ፣ አሁን አርባን አልፏል። ከወፍጮ ቤት ዱቄት ይጭናል፣ ከገበያ ጆንያ ይጭናል፣ እግር የከዳቸውን ባልቴቶች ቤተ ክርስቲያን ያደርሳል። ቦራ የምትባል ፈረስ ነበረችው፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ አስተዋይ ፈረስ ነበረች። አራት ልጅ ያሳደገው በዚያች ፈረስ ነው፤ ሚስቱን ያስታመመው በዚያች ፈረስ ነው።

ታዲያ አንድ እሑድ መጣና እዚያች አግዳሚ ላይ፣ አሁን አንቺ የተቀመጥሽባት ላይ ተቀመጠ። ምሳም አልበላ አለ። ምን ሆንክ ስለው፣ ጋሪ ሊከለከል ነው ይባላል፣ ምክር ቤት የሚቀርብ ደንብ እየተረቀቀ ነው አለኝ። ከዋናው መንገድ ከወጣን የት ላይ ነው የምንሠራው አለ። ወፍጮ ቤቱም ገበያውም መናኸሪያውም ያለው በዋናው መንገድ ላይ ነው። እና ቀና ብሎ አየኝና፣

«አባባ፣ እርስዎን ይሰሙዎታል። ነገሩ በመጣ ቀን አንድ ቃል ይናገሩልን» አለኝ።

«እናገራለሁ» አልኩት። «እኔ እያለሁ አይሆንም» አልኩት። እኔ እያለሁ! እንዴት ያለ ጉራ ነው? አስካለ ከጓዳ ሆና ሰምታኛለች።

ከዚያ ሳምንት አልሞላም፣ ከከተማው ቢሮ አንዲት ልጅ መጣች። ጨዋ ልጅ ናት፣ ከሌላ አገር ተመድባ የመጣች፣ ብርዱን ገና ያልለመደች፣ ሁለት ሹራብ ደርባ ነበር። «አባታችን፣ ሐሙስ ጠዋት የሕዝብ ውይይት አለ፣ እንደተለመደው በምርቃት ይከፍቱልናል» አለችኝ በዚያ ስልል ባለ ድምፅዋ። ስለምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ጠይቄያለሁ፣ አልጠየቅሁም አልልሽም። «ስለ ከተማችን ውበትና ስለ ትራፊክ ደኅንነት ነው አባታችን» አለችኝ። እኔ ውበት ስትል አበባ መሰለኝ። መንገድ መሐል የሚተክሏት አበባ አለች አይደል፣ እሷ መሰለችኝ። ትራፊክ ስትል ያ የተዥጎረጎረው የእግረኛ ማቋረጫ መሰለኝ። እና ጋቢዬን አሳጠብኩ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞልቷል። ብርዱ እንደ ልማዱ ነው፣ ሰው ሁሉ አፉን ሸፍኖ ነው የተቀመጠው። ወደ ፊት ስሄድ ከኋላ በኩል ባለጋሪዎቹን አየኋቸው፤ ወንበር አልደረሳቸውም፣ ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል፤ ጅራፋቸውን ጥበቃው በር ላይ ተቀብሏቸው ባዶ እጃቸውን ናቸው። ደርቤ አየኝ። ሲያየኝ ፊቱ እንዴት እንደበራ ብነግርሽ! ለእሱ ብዬ የመጣሁ መሰለው። አንገቱን ነቀነቀልኝ፣ እኔም ነቀነቅሁለት። ያን ጊዜ ነበር ልቤ ማሰብ የነበረበት። ባለጋሪ ሁሉ እዚህ ምን ይሠራል ብሎ ማሰብ ነበረበት። አላሰበም። ማይክራፎኑን ሰጡኝ።

መረቅሁ ልጄ። ያን ቀን ደግሞ አሳምሬ መረቅሁ። «ያሰባችሁት ይሙላ፣ የጀመራችሁት ለፍጻሜ ይብቃ፣ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፣ የምትመክሩትን መልካም ምክር ያድርግላችሁ፣ ክፉ አያሳያችሁ» እያልኩ፣ አዳራሹ «አሜን» ይላል፣ እኔ እቀጥላለሁ፣ «አሜን» ይላል። ከኋላ የባለጋሪዎቹ አሜን ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ እነሱ ፈረስ እየጠሩ ድምፃቸው የተከፈተ ነው። ውሃዬን ተቀበልኩ፣ ተቀመጥኩ።

ከዚያ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ተነሳና ወረቀት አነበበ። «ረቂቅ ደንብ» አለ። «አንቀጽ አንድ፣ አጭር ርእስ» አለ። እኔ ርእሱን ስሰማ ውሃዬን መሬት አስቀመጥኩ። በእንስሳት የሚጎተት ማጓጓዣ ከዋና ዋና መንገዶች እንዲወጣ። አስፋልት ላይ የተገኘ እንዲያዝ። ከተማ ዳር ብቻ እንዲሠራ፣ ያውም በተፈቀደ ሰዓት። «ከሥራ ለሚወጡት ደግሞ አማራጭ ይመቻቻል» ይላል። ይመቻቻል። ማን እንደሚያመቻች የለበትም፣ ይመቻቻል ብቻ።

እነሱም ሐሰት አልተናገሩም፣ እውነቱን ልንገርሽ። ፈረስ ደንግጦ ጋሪ የገጫት ልጅ ነበረች፣ እግሯ እስካሁን አልቀናም፤ እናቷ እዚያው ተነስታ ተናገረች፣ አለቀሰች። የጭነት መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ ጋሪው ፊት ለፊቱ ይገባበታል፣ ይህም እውነት ነው። እና ከባለጋሪዎቹ አንዱ ተናገረ፣ ቃሉ አልተያያዘለትም። ሰብሳቢው ታገሠው፣ አልተቆጣውም። ሲጨርስ ምን ቢል ጥሩ ነው?

«ወንድሜ፣ ስጋታችሁ ይገባናል። ነገር ግን ይህን ጉዳይ አባቶች መርቀውታል። ያሰባችሁት ይሙላ ተብለናል፤ እናንተም አሜን ብላችኋል» አለ።

ሰው ወደ እኔ ዞረ። ሁሉም ዞረ። እንግዲህ አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ «ለምን ተነስተው አልመረቅሁትም አላሉም?» ትዪኝ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ምርቃት የወጣ ቃል ነው። መርቆ የሚያፈርስ ሽማግሌ ሰው አይደለም፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ጉዳይ አያስይዘውም። ቢሆንም ተነሳሁ። የምሬን ነው፣ ልናገር ተነሳሁ። ወንበሩን ያዝኩ፣ አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ አንዱ አስተናጋጅ ሮጦ መጣና ክንዴን ያዘኝ፤ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ «አባባ፣ ሽንት ቤት ነው? ይምጡ ላሳይዎ» አለኝ።

እና ሄድኩለት። አዎ፣ ሄድኩለት። አይደለም ማለት እችል ነበር፤ አንዲት ቃል ናት። ክንዴን ይዞ በጎን በር አወጣኝ፣ እኔም እንደ ሙሽራ ተከትዬው ወጣሁ። ሽንት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ፣ ሽንቴም አልመጣ፣ ግድግዳውን ሳይ ቆየሁ። ልመለስ አልኩ፣ ትንሽ ልቆይ አልኩ። ስመለስ ሰብሳቢው «ለነበረን ገንቢ ውይይት እናመሰግናለን» እያለ ነበር። ይህን ለአስካለ እንኳ በደንብ አልነገርኳትም፣ አንቺ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ደርቤ ውጭ ጠበቀኝ። ቦራን ይዞ ቆሟል። ይሰድበኛል ብዬ ነበር፣ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ቤት ላድርስዎት አለኝ፣ በጋሪው አወጣኝ። ደጄ ላይ ሲያወርደኝ፣

«አባባ፣ እኔም እኮ አሜን ብያለሁ» አለኝ።

ይኸው ነው ያለኝ።

ለአስካለ የሆነውን ነገርኳት። እሷ ቆራጥ ሴት ናት፣ «ሂድና ምርቃትህን አንሳ» አለችኝ። እንዴት ተደርጎ ብላት፣ «እንደሰጠኸው» አለች። እና ሄድኩ፣ ያችን ሁለት ሹራብ የደረበች ልጅ ቢሮ ሄድኩ። ተነስታ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ልጄ፣ ያን ቀን የመረቅሁትን አንሺልኝ አልኳት። ግራ ገባት። ኮምፒውተሯን ነካካችና ቃለ ጉባኤውን አነበበችልኝ፤ «የአገር ሽማግሌዎች ረቂቁን በምርቃት ደግፈዋል» ይላል። ስር ፊርማዬ አለ። እኔ የፈረምኩት ለመገኘቴ ነው፣ በር ላይ ወረቀት ሲያዞሩ። «እኔ መች ረቂቁን ሰማሁ፣ ሳልሰማ እኮ ነው የመረቅሁት» አልኳት። ልጅቷ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አዘነችልኝ። «አባታችን፣ ቃለ ጉባኤው ወደ ምክር ቤቱ ሄዷል፣ በእጄ የለም። ግን ገና አልጸደቀም፣ ምክር ቤቱ በሚመጣው ሳምንት ያየዋል፣ እዚያ መጥተው ቢናገሩ» አለችኝ።

ታዲያ ምክር ቤቱ በተሰበሰበ ቀን ሄድኩ። ለደርቤም እሄዳለሁ ብዬ ላክሁበት። በር ላይ ስደርስ ምን ብለው ቢቀበሉኝ ጥሩ ነው? «አባታችን መጡልን! እሰይ፣ ሰው ልንልክብዎት ነበር» ብለው ደግፈው፣ አስገብተው፣ ያችው ፊት ወንበር ላይ። ከጎኔ ሌላ ሽማግሌ አሉ፣ እሳቸውም እንደኔው ስብሰባ የለመዱ ናቸው። አፈ ጉባኤው ፈገግ እያለ «አባታችን ጉባኤያችንን በምርቃት ይከፍቱልናል» አለ። ተነሳሁ። ማይክራፎኑ እጄ ላይ ነው። የዛሬው አስተናጋጅ ሩቅ ነው፣ አየሁ፣ ሩቅ መሆኑን አረጋገጥኩ።

«አልመርቅም» አልኩ። «በመጀመሪያ ይነበብ። እሰማለሁ። መልካም ከሆነ ማታ ድረስም ቢሆን ቆሜ እመርቃለሁ። ባለፈው ሳልሰማ መርቄአችሁ የሰው እንጀራ ነክቻለሁ፣ ያን አንስቻለሁ።»

አንዳንዱ ሳቀ፣ ያረጀ ሰው የዘባረቀ መሰለው። አፈ ጉባኤው አልሳቀም፣ ደግ ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ አስረዳኝ። «አባታችን፣ አስተያየት የሚሰጥበት መድረክ አልፏል፣ ያኔ እርስዎም ነበሩ። ይህ የውሳኔ ጉባኤ ነው» አለኝ። ነበርኩ። እውነቱን ነው፣ ነበርኩ። ሽንት ቤት በር ላይ ነበርኩ። ከዚያ ማይክራፎኑን ከእጄ ተቀብለው ለሌላው ሽማግሌ ሰጧቸው፤ እሳቸው አሳምረው መረቁ። እና ልብ በዪ፣ እኔው ራሴ «አሜን» አልኩ። አፌ ለምዶ ነው፣ ሳላስበው ወጣ፤ ካለቀ በኋላ ነው የሰማሁት።

አንዲት የገበያ ሰፈር ተወካይ ሴት ብቻ ተከራከረች፣ ስሟን አላውቅም፣ እግዜር ይስጣት። እነዚህ ሰዎች ነገ ምን ይበላሉ አለች። በእሷ ምክንያት እስከ ፋሲካ ጊዜ ተጨመረላቸው። ከዚያ እጅ አውጡ ተባለ፣ እጅ ወጣ፣ ጸደቀ። ተጨበጨበ።

ፋሲካ እንዴት ይደርሳል መሰለሽ እንዲህ ያለ ቀጠሮ ሲኖር፣ በሁለት እርምጃ ነው የደረሰው። ደርቤ ጋሪውን ሸጠ፤ ጎማውን አንዱ ወሰደ፣ እንጨቱን አንዱ ለማገዶ ወሰደ። ፈረሷን ግን ማን ይግዛት? ከተማ ያለ ባለጋሪ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈረሱን ገበያ አወጣ። አንኮበር ድረስ ነዳት፣ ወደ አልዩ አምባ የሚወርዱት ነጋዴዎች አይተው «ለቁልቁለቱ አህያ ነው የሚሆነን ወንድሜ» ብለው አለፉ። ፈረስ ደግሞ አይታረድ፣ አይበላ። ድርቆሹን ከየት ያምጣ? ልጆቹን ይመግብ ወይስ እሷን? እና ልክ እንደሌሎቹ፣ ከከተማ ዳር ሜዳ ላይ ለቀቃት። በማግስቱ ራሷ መጥታ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ቆማ ተገኘች። እንደገና ወሰዳት፣ እንደገና መጣች። ሦስተኛ ጊዜ አልወሰዳትም።

ያን ሰሞን ማለዳ ብትወጪ የተለቀቁ ፈረሶች አስፋልቱ መሐል ቆመው ታያለሽ፣ ሜዳው ውርጭ ነው፣ አስፋልቱ ትንሽ ይሞቃቸዋል መሰለኝ። ጋሪ ከአስፋልት ይውጣ ተባለ፣ ፈረሱ ያለ ጋሪ አስፋልት ላይ ቀረ። ቦራን የጭነት መኪና ገጫት፣ ከወፍጮ ቤቱ ትንሽ ወረድ ብሎ። ሹፌሩም አላያትም፣ ጉም ነበር። ወሬውን ሰምቼ ስደርስ ደርቤ ገመድ ይዞ ቆሟል። አምስት ስድስት ሆነን ከመንገዱ አወጣናት፤ እኔ ምን ጉልበት አለኝ፣ ገመዱን ያዝኩ ለማለት ነው። እሱ ጎንበስ ብሎ አንገቷ ላይ የቀረውን ገመድ ፈታላት። የሞተች ፈረስ ገመድ ምን ያደርግላታል፣ ግን ፈታላት።

ከዚያ በሁለት ሳምንቱ ሊሰናበተኝ መጣ። በላስቲክ የተጠቀለለች ብርድ ልብስ ይዟል። ሁልጊዜ መንገድ ሲሄድ እንደሚያደርገው ጉልበቴን ሳመና አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ልመርቀው ነው የሚጠብቀው። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሳልመርቀው የትም ሄዶ አያውቅም። እኔ ግን እንደ ቀድሞው አፌን መክፈት ፈራሁ ልጄ።

«መጀመሪያ ንገረኝ። ወዴት ነው?» አልኩት።

«አረርቲ።»

«ምን ልትሠራ?»

«እህል መጋዘን ጆንያ መሸከም ነው።»

«ወገብህስ?»

«እንግዲህ እንዳለ ነው።»

«ሚስትህስ?»

«እዚሁ ትቆያለች። ሕመሙ ተነስቶባታል፣ ቆላውን አትችለውም።»

«ልጆቹስ?»

«ትልቋ ትምህርቷን አቁማ ሰው ቤት ገብታለች። ሌሎቹ ከእናታቸው ጋር ናቸው።»

«መቼ ትመለሳለህ?»

«እንጃ አባባ» አለኝ። እና እኔ እንዳልኩት ሁሉንም ሰማሁ፣ አንድም ሳይቀር ሰማሁ። ሰምቼ ስጨርስ የሚመረቅ አጣሁበት። ያሰብከው ይሙላ ልበለው? ጆንያ መሸከም ነው ያሰበው? የጀመርከው ይፈጸም ልበለው? እጄን ዘርግቼ ቆምኩ፣ እሱ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፣ አስካለ በሩ ላይ ቆመች። በመጨረሻ «እግዜር ይከተልህ» አልኩት። ይህ ደግሞ ምርቃት አይደለም፣ አውቶቡስ ውስጥ አጠገብሽ ለተቀመጠ ሰውም ይባላል። ገባው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ብርድ ልብሱን አነሳና ሄደ።

ያቺ የቢሮ ልጅ ከዚያም ወዲያ ሁለት ጊዜ መጥታለች፤ አሞኛል አልኳት። ጋቢውን ሳጥን ውስጥ ከተትኩት። ደንቡን አልረግምም፣ የተገጨችውን ልጅ አይቻታለሁ፣ እናቷንም ሰምቻታለሁ። እኔ የምረግመው ሌላ ነው፣ እሱን ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ረግሜ ምን ላደርገው።

ምን አልሽኝ? ደርቤ ይደውላል ወይ?

ሃ ሃ! ይደውላል እንጂ፣ እንዴት አይደውል። በየእሑዱ ይደውላል፣ አንድም ቀን አሳልፎ አያውቅ። ለአስካለ ነው የሚደውለው። እኔ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ።